መጀመሪያ ማንገቻው ይሰፋ

ከድሬዳዋ በሚኒባስ ተነስተን፣ አወዳይ ላይ በጫት ገበያው ግርግር ትንሽ ቆመን ሐረር ገባን። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጓደኛዬ ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ዙም ሌንስ ይዟል። እኔ የያዝኩት 35 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በእሱ ደግሞ ሰው ካልቀረብክ ፊቱን አታገኘውም።

ስለ ዙም ያለኝን እዚሁ ልናገርና ልገላገል። ከመንገድ ማዶ ሆኖ የማያውቁትን ሰው ፊት ማንሳት አይመቸኝም። ፎቶው ያምር ይሆናል፣ ግን እኔና ሰውየው ምን አገናኘን?

በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ጁገል ውስጥ ካሜራ ብርቅ አይደለም። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሳጠሩት ግንብ፣ ከነከተማው በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ጎብኚ አይጠፋም። አንዳንዱ ሰው ፊቱን ያዞራል፣ አንዳንዱ ብር ይጠይቃል። ሁለቱም መብቱ ነው።

ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ውስጥ ሲገቡ ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን ደጅ አውጥተው የሚሠሩባት ጠባብ መንገድ አለች፣ መኪና ግርግር የሚሏት። የካሜራዬ ማንገቻ ተተርትሮ ስለነበር አንድ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ።

«አባባ፣ ይቺን ይሰፉልኛል?»

«ቁጭ በል አቦ!»

ቁጭ አልኩ። ከየት እንደመጣሁ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ አዲስ አበባ አሁንም ይበርድ እንደሆነ ተጠየቅኩ። የካሜራውን ዋጋ ስነግራቸው የስፌት መኪናውን አቆሙና ለጎረቤታቸው ደግመው ነገሩት፤ ሁለቱ ሳቁብኝ። ማንገቻው አልቆ ልነሳ ስል «ታዲያ አታነሳኝም?» አሉ።

እኔ የፈለግኩት አጎንብሰው ሲሰፉ ነበር። እሳቸው ግን ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀጥ አሉ። እንዳሉት አነሳሁ፤ ፊቱ የእሳቸው ነው፣ አቀማመጡንም እሳቸው ይምረጡ። ከዚያ ጎረቤቱ ተራ ያዘ። ፊት ለፊት ጨርቅ የምትሸጠዋ ሴት ደግሞ «እኔን ተወኝ፣ ጨርቄን አንሳ» ብላ የትኛው ጥቅል ከፊት እንደሚሆን ማዘዝ ጀመረች። ወጣቶቹ ወዲያው በቴሌግራም ላክልን አሉኝ።

ከሰዓት በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራው ራምቦ ቤት ገባን። ቤቱን ያሠራው አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፣ ገጣሚው አልኖረበትም፤ የድሮ ሐረር ፎቶዎች ስላሉበት ግን መታየት አለበት። ራምቦ ካሜራ ከሊዮን አስመጥቶ እ.ኤ.አ. በ1883 እዚሁ ከተማ ራሱንም፣ ከረጢት የሚሠራ ሰውም አንስቷል። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ በሚያጥብበት መጥፎ ውሃ የተነሳ ፎቶዎቹ ቶሎ እንደነጡ ይናገራል። ያን ሳስብ የእኔዎቹን ስልክ ላይ ብቻ ማስቀረት አልፈለግኩም፤ ፎቶ ቤት ወስጄ አሳጠብኩ።

በነጋታው ስወስድላቸው ሽማግሌው አገላብጠው አዩና «የእሱ መኪና ለምን ገባ?» ብለው ጎረቤታቸውን አሳዩኝ። ጎረቤቱ ደግሞ የእኔ ፎቶ ያንሳል አለ፤ እኩል መሆናቸውን አንዱን ባንዱ ላይ ደርቤ እስካሳየው አላመነም። በዚህ መሐል ጓደኛዬ ዙሙን ሆቴል ትቶ፣ የሚሰፋ ነው ብሎ ጃኬቱን ይዞ መጣ። ምኑ እንደተቀደደ እስካሁን አላሳየኝም።