«አንድ ሰው!»

ዛሬ አራት ኪሎ ታክሲ ስጠብቅ ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው!» አለ። ሮጬ ገባሁ። ውስጡ ባዶ! ብቻዬን ሳቄ አመለጠኝ። የአጎቴ የጋሼ ቀልድ ነበረች።

ጋሼ ካረፈ አርባ ሦስት ቀኑ። ልጅ እያለሁ አብረን ተሳፍረን ታክሲው አልሞላ ካለ፣ ወርዶ በሩን ይዞ መጣራት ይጀምራል። ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ ክራቫት አስሮ! «ፒያሳ በጊዮርጊስ! የገባ ይጸድቃል!» ሰዉ እየሳቀ ይገባል። እኔ በሃፍረት ከወንበሩ ሥር ልገባ እደርሳለሁ። አንዴ ረዳቱ «ፋዘር፣ እንጀራዬን ልትነጥቀኝ ነው?» አለው። ጋሼ ሒሳቡን ሰብስቦ፣ ቆጥሮ አስረከበና «ኮሚሽኔስ?» ብሎ መዳፉን ዘረጋ። ሁለት ብር ተሰጠው። በሷ ማስቲካ ገዛልኝ። ከደሞዙ ይልቅ በዚያች ሁለት ብር ነው ዕድሜ ልኩን ሲኮራ የኖረው።

ለቅሶው ላይ ጓደኛው ይህንኑ አንስቶ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ አየኋት። ወይም ስታለቅስ። አልለየሁትም።

ፒያሳ ወረድኩ። ጋሼ ማኪያቶ ይጋብዘኝ የነበረበት ቤት የለም፤ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ሄዷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ እውነት ለመናገር አምሯልም። የቱ ጋ ቆሜ እንደማስታውሰው ግን ግራ ገባኝ። ጊዮርጊስ ገብቼ ጧፍ ለኮስኩለት።

ስመለስ ለረዳቱ የሁለት ሰው ከፈልኩ። «ሌላው የታለ?» አለኝ። «በር ላይ ነው፣ ሰው እየጠራ» አልኩት።