ሁለቱ «ማይ»ዎች፦ ቻይንኛ ስማር ያስቸገረኝና የረዳኝ

ባለፈው ሳምንት የፋብሪካችን ቻይናዊ ኃላፊ ያለ አስተርጓሚ አነጋገረኝ። ያወራነው ስለ ክርና ስለ መርፌ ብቻ ነው፤ እኔ ግን የደብረ ብርሃን ብርድ ሳይሰማኝ ነው ቤቴ የገባሁት።

ከጀመርኩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። በቀድሞው ኤችኤስኬ በሚባለው የቻይንኛ ችሎታ ፈተና መመዘኛ ለሁለተኛ ደረጃ የሚጠየቁትን 300 ቃላት ጨርሻለሁ። ሰዋስዉ አልከበደኝም፤ ግሱ እንደ እኛ «ሄድኩ፣ ሄድሽ፣ ሄዱ» እያለ አይረባም። ትልልቅ ቁጥሮችንም ቢሆን ግእዝ አቀለለልኝ፤ የእነሱ «ዋን» የእኛው እልፍ (፼) ነው። 120,000 ለማለት «አሥራ ሁለት እልፍ» ብሎ ማሰብ ይበቃል።

ያንገላታኝ ቃናው፣ ማለትም የቃሉን ትርጉም የሚለውጠው የድምፅ መውጣትና መውረድ ነው። መግዛትም «ማይ»፣ መሸጥም «ማይ» ነው። የመጀመሪያው በዝቅተኛ ድምፅ ይባላል፤ ሁለተኛው ከላይ ወደ ታች ይወድቃል። እኔ ስድስት ወር ሙሉ ቃላቱን በፊደላችን ስጽፍ ስለ ነበር በደብተሬ ላይ ልዩነት አልነበራቸውም። አንድ ቀን «ክር መግዛት አለብን» ለማለት ፈልጌ «ክር መሸጥ አለብን» አልኩ። ኃላፊው ግንባሩን ቋጥሮ የመጋዘኑን መዝገብ አስመጣ። አስተርጓሚው እስኪደርስ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ስለዚህ ቻይንኛን በፊደላችን አትጻፉ፤ በዚህ አልደራደርም። በዓሉ «ገና» እና «ገና አልመጣም» የምንለው «ገና» በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ እኛ የ«ነ»ን መጥበቅና መላላት የምንለየው ጆሯችን ቀድሞ ስለሚያውቀው ነው። ለቻይንኛ እንዲህ ያለ ጆሮ የለንም።

መላውን ያገኘሁት ከልጅነቴ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ጥቂት ዜማ ቀምሻለሁ። ከዜማው ምልክቶች በቅናት ድምፅ ከፍ ይላል፣ በድፋት ይወርዳል፣ ደረት ከታች ከደረት ይወጣል። እነዚህን ምልክቶች በቻይንኛ ቃላቴ ላይ ማኖር ጀመርኩ፤ ከአራቱ ቃናዎች ለአንደኛው (ከፍ ብሎ ለሚጸናው) ይዘት፣ ለሁለተኛው (ወደ ላይ ለሚወጣው) ቅናት፣ ለሦስተኛው (ለዝቅተኛው) ደረት፣ ለአራተኛው (ለሚወድቀው) ድፋት። የተሠሩት ለዚህ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የኔታ ቢያዩኝ ምን ይሉኝ ይሆን እያልኩም እጨነቃለሁ። ነገር ግን ምልክቱን ሳይ ጉሮሮዬ ራሱ ያስታውሰኛል። ዜማ ያልተማረ ሰው በእጁ እያሳየ ቢለማመድ ይሻለዋል። የምጠቀምበት የስልክ መተግበሪያ ነጥብ ይሰጣል እንጂ ስሕተትን አያርምም፤ ማታ ማታ የራሴን ድምፅ ቀድቼ መስማት የበለጠ ጠቅሞኛል።

የቻይንኛውን ጽሕፈት ግን ችላ ብዬዋለሁ፤ የማነበው ሰማንያ ምልክት ቢሆን ነው። በዚህ በኩል ከእኔ ምክር አትውሰዱ።

አሁን የያዘኝ «ኒ ሃው» የሚሉት ሰላምታ ነው። ሦስተኛው ቃና ሁለት ጊዜ ሲከታተል የፊተኛው ወደ ሁለተኛው ቃና ይለወጣል፤ በደብተሬ አባባል ደረት ቅናት ይሆናል። ቀስ ብዬ ሳነብ ይሆንልኛል፤ ስፈጥን ግን ይጠፋኛል። ይህን ያለፋችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳለፋችሁት ጻፉልኝ፤ ሰኞ ጠዋት ቁልፍና ዚፕ የምጠይቀው በዚሁ ሰላምታ ጀምሬ ነው።