ጓሳ ላይ ሁለት ቀን

ከአዲስ አበባ የወጣነው ገና ሳይነጋ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ጠጣን። ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ መንገዱን ዋጠው፤ ሹፌራችን መብራቱን አብርቶ እየተሳበ አለፈ። ከዚያ ወዲያ መንዝ ነው። ገብስ፣ የድንጋይ ካብ፣ በግ፣ ደግሞ ገብስ። ተራራው ወገብ ላይ ሳይቀር ታርሷል። ጓሳ ስንገባ ግን ማሳው በድንገት አለቀ። ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ሣር ብቻ ሆነ፤ መሀል መሀሉን ጅባራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ቆሟል።

የመጣሁት ለቀይ ቀበሮ ነው። ስለ እሱ ሳነብ ዓመታት አልፈዋል፤ በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም። ያደገው፣ ለመውለድ የደረሰው ሁሉ ቢቆጠር ከ500 አይሞላም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ባሌ ነው። የቀረው በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወሎና በዚህ በመንዝ አናት አናት ላይ እንደ ደሴት ተነጣጥሎ ይኖራል። በተራራና በተራራ መካከል ያለው እርሻ ለእሱ ባሕር ነው፤ አይሻገረውም። ስለዚህ አንዱ ተራራ ላይ ካለቀ፣ አለቀ። በዚሁ በሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳ በሚባል ቦታ ነበር፤ ዛሬ የለም። ጉና ተራራም ላይ ነበር፤ ዛሬ የለም።

ታዲያ እዚህ ለምን ቀረ?

ይህን ጥያቄ ከእኔ በፊት አጥብቆ የያዘው የዱር እንስሳት ተመራማሪው ዶ/ር ዘላለም ተፈራ ነው። እንግሊዝ አገር ኬንት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በዚህ ሣር ላይ ነው። ቀበሮውን ለብቻው አላጠናም። ሕዝቡ ጓሳን በጋራ የሚጠብቅበትን ሥርዓትም አብሮ አጠና። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጀመረ ይነገራል። የአስቦና የጌራ ወገን ነን የሚሉ ባለርስቶች አለቃ ይመርጣሉ፤ ጓሳ ይዘጋል። አንዳንዴ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴ አምስት፣ ከዚያም በላይ። ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ ሁሉም ገብቶ ያጭዳል። ከዚያ እንደገና ይዘጋል። በመሀል የገባ ሰው ቅጣቱ ከባድ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ ቄሮ ፈረሰ። ሕዝቡ ግን ዝም ብሎ አልተወውም፤ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቆመው። ዛሬ የምናየው የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ከዚያ የቀጠለ ነው።

ያረፍነው በማኅበረሰቡ ማረፊያ ነው። ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከላይ ባና ደርቤ እንኳ ተንቀጥቅጬ አደርኩ።

ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ከጠባቂው ጋር ወጣን። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። መጀመሪያ ያየነው ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ነው። መቶ አይሞሉም፤ ቁጢጥ ብለው ሣር ይነጫሉ። ጠባቂው ክንዴን ያዘኝ። «ከመሀላቸው ተመልከት» አለኝ። አንድ ቀይ ነገር ቀስ ብሎ ይራመዳል። እግሩ ረጅም፣ አፉ ሹል፣ ደረቱ ነጭ። ቀይ ቀበሮ! በዝንጀሮዎቹ መሀል እንደ ቤተሰብ ያልፋል። ግልገሎቻቸው አጠገቡ ይዘላሉ፤ ዞር ብሎም አያያቸው። እነሱም አይሸሹትም። ድንገት ቆመ። ጆሮውን ቀሰረ። ዘለለ፤ አይጥ ይዞ ቀና አለ።

እዚሁ ጓሳ ላይ ጭላዳዎችን የሚከታተሉ ተመራማሪዎች ይህን ቆጥረውታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት ከመቶ 25 ጊዜ ነው። በጭላዳዎች መሀል ሲሆን 67 ይደርሳል። ምናልባት ዝንጀሮዎቹ ሣሩን ሲነጩ አይጦቹን ከጉድጓድ ያስወጡለታል። ምናልባትም ይከልሉታል። ቁጥሩን አስቀድሜ አውቀው ነበር። ቀበሮው ሲዘል ሳይ ግን ዕንባዬ መጣ። ጠባቂው አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ የሣር ገመድ የሚገምዱ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ጓሳ ሣር ለጣራ ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ ገሳ ሁሉ ይሆናል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ቀበሮው በግ አይበላባችሁም?»

«ግልገል ካገኘ ይወስዳል። ውሸት ምን ያደርጋል።»

«ታዲያ ለምን አትገድሉትም?»

«እኛ የምንጠብቀው ሣሩን ነው፣ ልጄ። እሱ ደግሞ ሣሩ ውስጥ ተፈጠረ። ማን ውጣ ይለዋል?»

የሽማግሌው መልስ እስከ ማታ ከአእምሮዬ አልወጣም። ምክንያቱም በመንገዳችን ላይ በየመንደሩ ያየሁት ጣራ አብዛኛው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ መጥፎ ነው አልልም፤ ሣር ቤት ውስጥ ጭስና ፍሳሽ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ግን ሣሩ ለክዳን የማይፈለግበት ቀን ሲመጣ፣ ጓሳን ዘግቶ ለማቆየት ምን ይቀራል? መሬት የሌለው ወጣት ብዙ ነው፤ ገብሱም ሽቅብ እየወጣ ነው። አንድ ፍጥረት በሕይወት ለመቆየት ለእኛ መጥቀም አለበት ብዬ አላምንም። ቀበሮው ከእኛ በፊት እዚህ ነበር፤ መኖሩ በራሱ በቂ ነው። ይህን አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ማለት ቀላል ነው። ግልገሉ ለተወሰደበት ሰው፣ ልጁ ለመኸር መሬት ላጣ አባት ግን እንዲሁ ተናግሬ መሄድ አልችልም። የመንዝ ሰው በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ዋጋ ከፍሎ ጠብቋል። ቀሪው አገር ደግሞ ዋጋውን ከእሱ ጋር መካፈል አለበት።

ጠባቂው የሚፈራው ሌላ ነገር ነው። ውሻ። የእረኛ ውሻ ይዞ የሚገባው የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮን በቤተሰብ ይጨርሳል፤ አብረው ስለሚያድሩ፣ ስለሚላላሱ። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 በጥናት ላይ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹ በዚህ አለቁ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ እዚያ ክትባቱን በሥጋ ውስጥ ደብቆ ለቀበሮዎቹ ማብላት ተጀምሯል። ክትባት የወሰደ የመንደር ውሻ ደግሞ ሁሉንም ያድናል፤ ሰውንም ጭምር።

ማታ ጠባቂው ደብተሩን አወጣ። እጁ በብርድ ስለደረቀ ባትሪውን እኔ ያዝኩለት። ቀኑን ጻፈ። ቦታውን ጻፈ። «ቀበሮ፣ አንድ፣ ከጭላዳ ጋር» ብሎ አሰፈረ። ትንሽ አሰበ። ከሥሩ «ውሻ አልታየም» ብሎ ጨመረ፤ ደብተሩንም ዘጋው።