መንጋጋው አልተሰበረም

አሜሪካ ውስጥ በአንድ ሙዚየም ዕቃ መረከቢያ ክፍል እሠራ ነበር። ሥራዬ ሣጥን መክፈት፣ ዕቃውን አገላብጦ ማየት፣ ጉዳት ካለው መመዝገብ ነው።

አንድ ቀን በውሰት ከመጣ ሣጥን ኖ የሚባለው ጥንታዊ የጃፓን ቴአትር ጭምብል አወጣሁ። ሂኖኪ ከሚባል እንጨት የተቀረጸ የሽማግሌ ፊት ነው። ዓይኖቹ ከሣቅ ብዛት ጠበው እንደ ማጭድ ጎብጠዋል። በቅንድቡ ቦታ የጥጥ ድቡልቡል የሚመስል ነገር ተለጥፏል። የታችኛው መንጋጋ ግን ከፊቱ ተለይቶ፣ ግራና ቀኝ በገመድ ተንጠልጥሏል። ሳነሣው ተወዛወዘ። ክው አልኩ። «መንጋጋው ተሰብሯል፤ በገመድ ታስሯል» ብዬ ጻፍኩና ሣጥኑ ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፍኩ። ለአዋሾቹም ወዲያው መልእክት ተላከ።

ከሰዓት በኋላ የጃፓን ዕቃዎች ኃላፊዋ መጡ። በዕድሜ የገፉ ጃፓናዊት ናቸው። ከመንጋጋው በፊት ያዩት እጄን ነበር። «ፊቱን አትንካው» አሉኝ። ጭምብሉ የሚያዘው ጆሮ አካባቢ፣ ማሰሪያው በሚገባባቸው ቀዳዳዎች ዳር ብቻ ነው። ከዚያ የመንጋጋውን ጠርዝ አሳዩኝ። ልስልስ ያለ ነው። የተሰበረ እንጨት ይሰነጠራል እንጂ እንዲህ አይሆንም። ይህን ማየት ነበረብኝ። ዛሬ «ተሰብሯል» ብዬ ከመጻፌ በፊት መጀመሪያ የማየው ጠርዙን ነው።

የጭምብሉ ስም ኦኪና ነው። መንጋጋው ሲቀረጽም ተቆርጦ ነው የሚሠራው። ሌላውን ጭምብል ተዋናዩ ከመጋረጃ ጀርባ፣ በመስተዋት ክፍል ውስጥ ያጠልቃል። ይህን ግን መድረክ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው ነው የሚያደርገው። እስከዚያ ሰው ነው፤ ከዚያ በኋላ አምላክ ሆኖ ያሸበሽባል። ትርኢቱም ኦኪና ነው የሚባለው፤ እንደ ሌሎቹ ተውኔቶች ታሪክ የለውም። የሰላምና የጥጋብ ጸሎት ነው። ከትርኢቱ በፊት ጭምብሉ መሠዊያ ላይ ይቀመጥና ሩዝና ሳኬ የሚባል የሩዝ መጠጥ ይቀርብለታል። እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁሉም እጅ የማይነካው ነገር እንዳለ እያወቅሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ይበልጥ ያፈርኩትም ለዚህ ነው።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተወለደው የኖ ሊቅ ዜአሚ የሙያውን መነሻ ከአማልክት ዘመን ይጀምራል። የፀሐይዋ አምላክ አማቴራሱ ዋሻ ገባች፤ ዓለም ጨለመ። ኡዙሜ የምትባል አምላክ ደጃፉ ላይ ጨፈረች። አማቴራሱ በሩን ገርበብ ስታደርገው ብርሃን ተመለሰ፤ የአማልክቱም ፊት ነጣ።

ማታ መዝገቡን አስተካከልኩ፤ ለአዋሾቹ ይቅርታ ጻፍኩ። ሽማግሌውን ግራና ቀኝ ዳሩን ይዤ ወደ ሣጥኑ ስመልሰው መንጋጋው እንደገና ተወዛወዘ። ሊናገር የፈለገ ይመስል ነበር።