ውሃ ሲፈላ ምኑ ነው የሚለያየው?

ኬሚስትሪን እንደ አዲስ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ ማታ ማታ ከእህቴ ልጅ ደብተር ላይ ነው የማነበው። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። እኔ ስማር ነገሩ ሁሉ ሽምደዳ ነበር። «ጠጣር ቅርጽም ይዘትም አለው፤ ፈሳሽ ይዘት እንጂ ቅርጽ የለውም፤ ጋዝ ሁለቱም የለውም።» ይህን ዛሬም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እወጣዋለሁ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም።

የዚህ ሳምንት ወሬዬ በሽንፈት ይጀምራል። ልጅቷ «ውሃ ሲፈላ የሚወጣው አረፋ ውስጥ ምን አለ?» አለችኝ። ሳላመነታ «ኦክስጅንና ሃይድሮጅን» አልኳት። ሳቀችብኝ። አረፋው ውስጥ ያለው ያው ውሃ ነው፤ ተን ሆኖ።

እዚህች ላይ ሁለት ቀን ቆሜያለሁ። አንድ የውሃ ሞለኪውል ውስጥ ኦክስጅንና ሃይድሮጅንን ያጣመረው ቦንድ አለ። አንዱን ሞለኪውል ከጎረቤቱ ጋር የሚያሳስበው ኃይል ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ለመበጠስ በሞል (ሞል ኬሚስቶች ሞለኪውል የሚቆጥሩበት መለኪያ ነው) ወደ 460 ኪሎ ጁል ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ ሃይድሮጅን ቦንድ የሚባለው፣ ወደ 20 ቢሆን ነው። የቤታችን ምድጃ የሚያሸንፈው ይህን ደካማውን ብቻ ነው። ውሃው አይፈርስም፤ ጎረቤታሞቹ ይለያያሉ እንጂ። ስሙ ራሱ ነው ያሳሳተኝ። ሁለቱንም «ቦንድ» ብሎ መጥራት ምን የሚሉት ነው?

ቀጥሎ ሌላ ስህተት ሠራሁ። «ከባድ ሞለኪውል ዘግይቶ ይፈላል» የሚል ሕግ ለራሴ አወጣሁ። ለፍሎሪን፣ ክሎሪን፣ ብሮሚንና አዮዲን ልክ ነው። በተራ የቤት ሙቀት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጋዝ፣ ብሮሚን ፈሳሽ፣ አዮዲን ጠጣር ናቸው። ሞለኪውሉ ሲተልቅ ኤሌክትሮኖቹ ይበዛሉ፣ ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ የሚያሳስበው፣ የለንደን ኃይል የሚባለውም ይጠነክራል። ውሃ ላይ ስደርስ ግን ሕጌ ተሰበረ። የውሃ የሞለኪውል ክብደት 18 ነው። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ 34 ነው። ከባዱ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ቀላሉ 100 ላይ። ልዩነቱን ያመጣው ያ ደካማ ያልኩት ሃይድሮጅን ቦንድ ነው። ለካ ደካማነቱ ከእነማን ጋር ሲወዳደር እንደሆነ ማየት ነበረብኝ።

ነገሩ በደንብ የገባኝ ቅዳሜ አክስቴ ቤት ነው። አረቄ ያወጣሉ። የዳጉሳው ድፍድፍ ምድጃ ላይ ተጥዷል፣ አፉ ተለስኗል፣ ከጎኑ የወጣው መቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ይወርዳል። ስንት ዓመት አይቼዋለሁ፤ እንዲህ ግን አይቼው አላውቅም። አልኮሉ 78 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ክብደቱ 46 ነው፣ ከውሃ ሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል፤ ሆኖም ቀድሞ ይነሳል። ምክንያቱም አንድ የውሃ ሞለኪውል እስከ አራት ጎረቤት መያዝ ይችላል። አልኮል ግን የሚያያዘው በአንድ ጫፉ ብቻ ነው፤ የቀረው አካሉ ለዚህ አይሆንም።

«አክስቴ፣ መጀመሪያ የሚወርደው ለምን ይበረታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መጀመሪያ ስለሆነ ነዋ! ኋላ ላይ ውሃው ይበዛበታል» አሉኝ።

መልሱ ይኸው ነው። ድፍድፉ ውስጥ ያለው አልኮል እያለቀ ሲሄድ በተኑ ውስጥ የውሃው ድርሻ ይጨምራል። ውሃው ከመጀመሪያውም አብሮ መምጣቱ አይቀርም፤ ስለዚህም ነው ተራው አረቄ እንደገና ተጥዶ ዳግም የሚሆነው። በነገራችን ላይ፣ በዚህ መንገድ አንድ ሺህ ጊዜ ቢደጋገም እንኳ ከ96 በመቶ ገደማ አያልፍም።

ሌላም ነገር አየሁ። አክስቴ ማቀዝቀዣውን ውሃ ቶሎ ቶሎ ይቀይራሉ። እጄን ከተትኩ፤ ሞቋል። ሞለኪውሎቹ ለመነጣጠል የወሰዱትን ሙቀት ተመልሰው ሲገናኙ ይጥሉታል ማለት ነው። «እጅህን አውጣ፣ አንተ ልጅ!» ተባልኩ።

ቅቤና ዘይት ላይ ብዙ አልቆየሁም። የቅቤ ሞለኪውሎች ብዙዎቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ የኑግ ዘይት ግን ጎባጣዎች ስለሚበዙበት መጠጋጋት ያቅታቸዋል። በማርቆስ ብርድ ቅቤው ድንጋይ ሲሆን ዘይቱ የሚፈሰው ለዚህ ነው። ቅቤ ግን 35 ዲግሪ ሳይሞላ ስለሚቀልጥ አናት ላይ ሲያደርጉት ይወርዳል።

እሑድ ደግሞ ቴርሞሜትር ተውሼ ውሃ አፈላሁ። 92 ላይ ቆመ። እሳት ጨመርኩ፤ ንቅንቅ የለም። ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ነበር። ልጅቷ ናት ያዳነችኝ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ወደ 2,450 ሜትር ከፍ ትላለች። ከላይ የሚጫነው አየር ስለሚቀንስ ተኑ ቶሎ ያመልጣል። እናቴ ሁልጊዜ «የሽንብራ ንፍሮ እዚህ አገር አይበስልም» እያለች ሽንብራውን ስታማርር ነበር። ሽንብራው ምን አደረገ? ውሃው ነው ከ92 በላይ አልሞቅ ያለው።

በሚቀጥለው ሳምንት ባሕር ዳር እሄዳለሁ፣ ቴርሞሜትሩን ይዤ። ከተማዋ 1,800 ሜትር ላይ ናት። ግምቴን ሳልለካ በፊት ልጻፈው፦ 94። ከሳትኩ እዚሁ እነግራችኋለሁ።