ካሜራማኑ ነው እንዴ የሚደበደበው?

ቅዳሜ ዕለት የ40 ሰከንድ የፊልም ድብድብ ያለ ምንም ካት (ቀረጻው ሳይቆራረጥ፣ በአንድ ትንፋሽ) በስልኬ ቀረጽኩ። ሰባት ወር ነው የፈጀብኝ፤ ትንሽ ብኮራ አትፍረዱብኝ።

ነገሩን ያስጀመረኝ በ2014 የወጣው የመጀመሪያው «ጆን ዊክ» ነው። ሥራውን የተወ ነፍሰ ገዳይ፣ ሚስቱ ልትሞት ስትል ያዘጋጀችለትን ቡችላ ይገድሉበታል፣ ከዚያ ኒው ዮርክ ትታመሳለች። ታሪኩ ይኸው ነው። እኔን የያዘኝ ካሜራው ነው። ሰውየው ከእግር እስከ ራሱ ይታያል። ሲጥል ይታያል፣ ጥይት ሲያልቅበትና ካዝና ሲቀይርም ይታያል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ኤዲቲንግ በመልመድ አለፉ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ነጻው ይበቃችኋል፣ ሌላ አትፈልጉ። ከዚያ ጓደኞቼን ሰብስቤ ኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ድብድብ ጀመርን።

ያስመረረኝ ቡጢ ነው። የፊልም ቡጢ ውሸት ነው፤ ፊት ሳይነካ ያልፋል። ካሜራው ከአንዱ ትከሻ ጀርባ ከቆመ ክፍተቱ ይደበቃል። ካሜራው ትንሽ ወደ ጎን ሲል ግን ያ አንድ ስንዝር አየር ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። ያለ ካት ስትቀርጹ ደግሞ ካሜራው መንቀሳቀሱ አይቀርም። ስለዚህ ምን አደረግሁ? ካሜራውን አንቀጠቀጥኩት። ታናሽ እህቴ አየችውና «ካሜራማኑ ነው እንዴ የሚደበደበው?» አለች። ሁለት ሳምንት ስልኬን አልነካሁም።

ከዚያ «ጆን ዊክ»ን ድምፁን አጥፍቼ ደጋግሜ አየሁት። ሰውየው ከመማታት ይልቅ ይይዛል፣ ይጠልፋል፣ ይወረውራል። ጁዶና ጁጂትሱ ነው። መወርወር ደግሞ ውሸት የለበትም፤ ከየትም ብታዩት የተወረወረው ሰው እውነትም ከመሬት ተነስቶ ይወድቃል። ካሜራው ረጋ ብሎ የሚያየው የሚደብቀው ነገር ስለሌለ ነው። ዳይሬክተሩ ቻድ ስታሄልስኪ ራሱ ከስታንት (አደገኛ ትዕይንቶችን ከመሥራት) የመጣ ነው፣ በ«ማትሪክስ» ጆን ዊክን የሚጫወተው የኪያኑ ሪቭስ ደብል ነበር፤ አደገኛውን በእሱ ቦታ ይሠራለት ነበር። ሪቭስም ሃምሳ ሊሞላው ሲል ለዚህ ፊልም ወራት ሙሉ ሰልጥኗል። ካሜራ ማንቀጥቀጥ ስታይል ነው የምትሉ፣ እኔን አታሳምኑኝም። አብዛኛውን ጊዜ ያልተለማመዱበትን መሸፈኛ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ፣ ስለዚህ አውቃለሁ።

መወርወር ግን ዋጋ አለው። ቸኩዬ ያለ ፍራሽ አስጀመርኩና የአንዱ ጓደኛዬ የእጅ አንጓ አበጠ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ሁለት የስፖንጅ ፍራሽ አንጥፈን ምንጣፍ እናለብሳለን። ከሁሉ በፊት መውደቅ ልመዱ፦ አገጭ ወደ ደረት፣ መሬቱን በሙሉ ክንድ ጥፊ፣ እጅን ግን ለመደገፍ በፍጹም አትዘርጉ። እኔ ይህን የተማርኩት መጨረሻ ላይ ነው፣ እናንተ እንደ እኔ አትሁኑ።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ጊዜ ቀረጽን። ዘጠነኛው አሪፍ ነበር፤ ግማሹ ላይ ስንደርስ ግን አንዲት የጎረቤት እናት ነጠላቸውን እያጣፉ «በገብርኤል! እናንተ ልጆች ምን ነካችሁ!» ብለው መሃል ገብተው ገላገሉን። እንኳን ካሜራው ስታሄልስኪም ቢመጣ አይሰሟቸውም።

እና ያ ያለ ካት ያልኳችሁ፣ ካት አለው። የዘጠነኛውን መጀመሪያ ከአሥራ አንደኛው መጨረሻ ጋር ሰፋሁት፤ 22ኛው ሰከንድ ላይ የአንዱ ጀርባ ሌንሱን ሲሸፍን። እህቴ እስካሁን አላየችውም።