ከ12 በ9 ወደ 12 በ7

27 ጫማ ርዝመት ያላት አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ አለችኝ። የምትቆመው ሲያትል፣ ሺልሾል ወደብ ነው። ነፋስ ሲጠፋ የምትደርስልኝ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 9 የፈረስ ጉልበት ያላት የናፍጣ ሞተሯ ናት።

አምና ሞተሯ ታስጨንቀኝ ጀመር። ነዳጁን እስከ ጥግ ብሰጣትም በደቂቃ ከ2,900 ዙር አታልፍም። መመሪያዋ 3,600 ይላል። ጥቁር ጭስም ትተፋለች። የናፍጣ ማጣሪያውን ቀየርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም።

ጀልባዋ ለቀለም ከውሃ ስትወጣ ፕሮፔለሩን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባዋን የሚገፋትን ባለ ክንፍ ብረት፣ ጠጋ ብዬ አየሁት። ነሐሱ ላይ "12 አር 9" የሚል ተቀርጿል። 12 የዲያሜትሩ ኢንች ነው። አር ማለት ወደ ቀኝ ዟሪ ነው። ነገሩ ያለው 9ኙ ላይ ነው፤ ፒች ይሉታል። ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን እንጨት ውስጥ ቢገባ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት፣ በኢንች፣ ማለት ነው። ለእኔ ሞተር በዛ። ዳገትን በአራተኛ ማርሽ እንደ መውጣት አስቡት። ምስኪን፣ ታፍና ነበር የከረመችው!

ፒች በ1 ኢንች ሲቀንስ በግምት ከ200 እስከ 300 ዙር ይጨምራል። ፕሮፔለር የሚያቃና ቤት ወስጄ 7 አስደረግሁት።

ባለ ሦስት ክንፍ ግዛ ያሉኝ ነበሩ። ለሞተር ጉዞ ደህና ነው፤ በሸራ ስሄድ ግን ወደ ኋላ ይጎትተኛል። በሸራ ሲኬድ ክንፎቹ የሚታጠፉት ዓይነት ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ባለ ሁለት ክንፌን አቆየሁ፤ እኔ የምወደው ሸራውን ነው።

ቅዳሜ ሞከርኳት። 3,450 ዙር፣ ጭስ የለም። ደስ ሲል!